መጠጥ ለማቆም የሚረዳ የአቻ ለአቻ ስብሰባ የት አገኛለሁ? የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄ፦ «41 ዓመቴ ነው። ላለፉት 12 ዓመታት በየቀኑ እጠጣለሁ ማለት ይቻላል። አሁን አሁን ጠዋት ስነሳ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ አንድ ሁለት ስል ይለቀኛል። በራሴ ሁለት ጊዜ ለማቆም ሞክሬ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ላብ አጥምቆኝ፣ እንቅልፍ አጥቼ በሦስተኛው ቀን ተመለስኩ። የፊታችን እሑድ ሙሉ በሙሉ ላቆም ወስኛለሁ። ሐኪም ዘንድ መሄድ አልፈልግም፤ የምፈልገው ከመጠጥ የወጡ ሰዎች የሚሰበሰቡበትን ቦታ ብቻ ነው። በአቅራቢያዬ ያለውን እንዴት ላግኘው? ምዝገባና ክፍያ አለው? ሃይማኖታዊ ነው ይባላል፤ እውነት ነው? የሚያውቀኝ ሰው እዚያ ቢያየኝስ? ባለቤቴም አብሬህ ልሂድ ትላለች፤ ይፈቀዳል?»

ምላሽ፦

የእሑዱን ዕቅድ ለጥቂት ቀናት ያቆዩት። ለማቆም መወሰንዎ ትክክል ነው። ሐኪም ሳያይዎት በአንድ ጀንበር ቁርጥ አድርጎ መተው ግን ለእርስዎ አደገኛ ነው። የጠየቁኝ ስለ ስብሰባ ነው፤ ወደዚያ እመጣለሁ። ጥያቄዎን ሳነብ ግን ቀድሞ ያስደነገጠኝ የጠዋቱ መንቀጥቀጥ ነው።

አልኮል የአንጎልን ሥራ ያቀዘቅዛል። አንጎል ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም። በየቀኑ የሚመጣበትን መጠጥ ለመቋቋም ራሱን ያነቃቃል። ፍሬኑ ተይዞ ነዳጁ እስከ ጥግ የተረገጠ መኪና ያስቡ። ፍሬኑ በድንገት ሲለቀቅ መኪናው ይፈተለካል። ሌሊት ተኝተው ሳሉ መጠጡ ከደምዎ ይቀንሳል፤ ጠዋት እጅዎ የሚንቀጠቀጠው ለዚህ ነው። አንድ ሁለት ሲሉ የሚለቅዎትም ፍሬኑን መልሰው ስለያዙት ነው። ይህን እንደ ወኔ ማነስ አይቁጠሩት። ሰውነትዎ ያለ መጠጥ መቆም እንዳቃተው እየነገረዎት ነው።

ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ማቅለሽለሽና ጭንቀት ይጀምራሉ። በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት አንዳንዱን ሰው ልክ እንደሚጥል በሽታ ይጥለዋል። ከ48 እስከ 96 ሰዓት ባለው ጊዜ ደግሞ በጥቂቶች ላይ ከሁሉም የከፋው ይመጣል። ሰውየው የት እንዳለ ይጠፋዋል፣ የሌለ ነገር ያያል፣ ያተኩሰዋል፣ የደም ግፊቱ ይጨምራል። ዴሊሪየም ትሬመንስ ይባላል፤ ካልታከመ ይገድላል። እርስዎ ሁለቱንም ጊዜ የተመለሱት በሦስተኛው ቀን ነው፤ ሰውነት በጣም በሚፈተንበት ሰዓት ማለት ነው። ሌላም ነገር አለ። ያለ ሕክምና ማቆምና መመለስ በተደጋገመ ቁጥር ቀጣዩ እየከበደ ሊሄድ ይችላል። ሁለቱን በሰላም አልፌአለሁ፣ ሦስተኛውም ያው ነው ብለው አይተማመኑ።

የሚያስቆጨው፣ ይህ ሁሉ በሚገባ የሚታከም መሆኑ ነው። ሐኪሙ ምን ያህል እንደሚጠጡ፣ ከዚህ በፊት ጥሎዎት ያውቅ እንደሆነ፣ ሌላ ሕመም እንዳለብዎት ይጠይቃል። ጉበትዎን ይመረምራል። ከዚያ ቤትዎ ሆነው በክትትል ወይስ ሆስፒታል ተኝተው ማቆም እንደሚሻል ይወስናል። ብዙ ጊዜ እንደ ዲያዜፓም ያለ መድኃኒት መጠኑ እየቀነሰ ለጥቂት ቀናት ይሰጣል። አንጎልን ከጉዳት የሚጠብቀው ቫይታሚን ቢ1ም ይታከላል። መድኃኒቱን ግን ከሰው ተቀብለው ወይም ራስዎ ገዝተው እንዳይሞክሩት። ዲያዜፓም ከአልኮል ጋር ሲገናኝ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። ሐኪም እስኪያዩ ድረስ መጠጡን በአንዴ አያቋርጡ። ከለመዱት በላይም አይጨምሩ። መኪና አይንዱ። ጥሎዎት ከተንፈራገጡ፣ ግራ ከተጋቡ፣ የሌለ ነገር ማየት ከጀመሩ፣ ወይም ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣብዎት ቀጠሮ አይጠበቅም። በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ነው።

ሐኪም ዘንድ መሄድ ለምን እንደማይፈልጉ አልነገሩኝም። ከታካሚዎቼ ብዙዎቹ መጀመሪያ የሚፈሩት ግን ስብከቱንና ቁጣውን ነበር። የሚያዋርድ ሐኪም ከገጠመዎት ሌላ ይፈልጉ፤ ሕክምናውን ግን አይተዉት። ስብሰባ መንቀጥቀጥን አያክምም። እዚያ ያሉት ሰዎች የቱንም ያህል ቅን ቢሆኑ መድኃኒት አያዝዙም፣ የልብ ምትዎን አይከታተሉም። በሌላ በኩል ሐኪሙም ብቻውን አይበቃም። ሕክምናው በአንድ ሳምንት ገደማ ሰውነትዎን ከመጠጡ ያላቅቀዋል። ከዚያ በኋላ ግን ከሥራ መልስ ያለው ባዶ ሰዓት አለ። የደመወዝ ቀን አለ። ከሰው ጋር ተጣልተው የሚገቡበት ምሽት አለ። ስብሰባው የሚያስፈልገው ለዚያ ነው።

እንግዲህ ወደ ስብሰባው። የአቻ ለአቻ ድጋፍ ስብሰባ የሕክምና ተቋም አይደለም። የሚቀመጠው ሁሉ መጠጥ ያቆመ ወይም ለማቆም የሚታገል ሰው ነው። በሰፊው የታወቀው አልኮሆሊክስ አኖኒመስ ነው፤ በአጭሩ ኤኤ ይሉታል። ማንነታቸውን የማይገልጡ የአልኮል ሱሰኞች እንደ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ አክሮን ከተማ ተጀመረ። ጀማሪዎቹ ቢል ዊልሰን የተባለ የአክሲዮን ገበያ ሰውና ቦብ ስሚዝ የተባለ ቀዶ ሐኪም ናቸው። ዊልሰን ያኔ መጠጥ ካቆመ ገና ጥቂት ወራት ነበር። ለሥራ ወደ አክሮን ሄዶ ጉዳዩ አልሳካ ሲለው መጠጡ አማረው። ወደ መጠጥ ቤት ከመግባት ይልቅ ስልክ ደዋውሎ የሚያነጋግረው ሌላ ጠጪ ፈለገ። ያገኘውም ስሚዝን ነው። ዊልሰን የፈለገው እሱን የሚረዳ ሰው አልነበረም፤ እሱ የሚረዳውን ሰው ነበር። ራሱ ሳይጠጣ የቆየው በዚህ ነው። ዛሬ ኤኤ በ180 ገደማ አገሮች ውስጥ አለ፤ የስብሰባው አሠራር ግን ከዚያ ንግግር ብዙም አልራቀም። አንዱ ለሌላው ይናገራል፣ ሌላው ይሰማል።

ምዝገባ የለም። መታወቂያ አይጠየቅም። አባል ለመሆን የሚጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መጠጥ የማቆም ፍላጎት። ክፍያም የለም። ለአዳራሽ ኪራይና ለመሳሰለው ወጪ መዋጮ የሚሰበሰብበት ዕቃ ይዞራል፤ ምንም ሳይጥሉ ቢያሳልፉት የሚከፋ የለም። የመግቢያ ገንዘብ ወይም የመታወቂያ ቅጂ ከጠየቁዎት የመጡበት ቦታ ሌላ ነው።

ሃይማኖታዊ ነው የተባሉት ግማሽ እውነት ነው። ኤኤ የየትኛውም እምነት ተቋም ክፍል አይደለም። የሚመራባቸው 12 እርምጃዎች ግን ፈጣሪን ደጋግመው ያነሳሉ፤ «እኛ በተረዳነው መንገድ» የሚል ሐረግም አላቸው። ብዙ ቡድኖች በጸሎት ይዘጋሉ። ለአማኝ ይህ ብርታት ነው። እምነት የሌለውም፣ የሌላ እምነት ተከታይም አብሮ ይቀመጣል፤ መጸለይ ግዴታ አይደለም። መንፈሳዊው ቋንቋ ጨርሶ ካልተዋጠልዎት ግን ሌላ አማራጭ አለ። ስማርት ሪከቨሪ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ የሚሠራ ሲሆን ከሥነ ልቦና ሕክምና የተወሰዱ ዘዴዎችን ይጠቀማል። አምሮት ሲመጣ እንዴት እንደሚያሳልፉት፣ ወደ መጠጥ የሚገፋን ሐሳብ እንዴት እንደሚመረምሩት ያለማምዳል። ስብሰባውን የሚመራው ሥልጠና የወሰደ ሰው ነው። ራስን «ሱሰኛ ነኝ» ብሎ መጥራትም አይጠበቅብዎትም። ላይፍሪንግ የሚባለውም ከሃይማኖት ነጻ ነው። ለሴቶች የተቋቋመው ዊመን ፎር ሶብራይቲ እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ አለ። በግልጽ በእምነት ላይ የቆመ የሚፈልግ ሰው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1877 በስዊዘርላንድ የተጀመረውን ብሉ ክሮስን ያገኛል፤ መሠረቱ ክርስቲያናዊ ነው። በስሙ ብዙ አይጨነቁ። በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሰው ለመሄድ እግርዎ የማይከብድዎትን ይምረጡ።

ለመሆኑ ይሠራል? ኮክሬን የሕክምና ጥናቶችን እያሰባሰበ የሚመዝን ድርጅት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ግምገማ 27 ጥናቶችን አየ፤ የተሳታፊዎቹ ቁጥር ከ10,000 በላይ ነበር። በባለሙያ እየታገዙ ወደ ኤኤ ከገቡት ሰዎች መካከል ከአንድ ዓመት በኋላ ጨርሶ ሳይጠጡ የተገኙት 42 በመቶ ናቸው። ሌላ የታወቀ ሕክምና ካገኙት ደግሞ 35 በመቶ። በነጻ ለሚገኝና ለዓመታት ለማይቋረጥ ድጋፍ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ግን በዚያ ዓመት ውስጥ ጠጥተዋል፤ ስለዚህ ዋስትና ነው ብዬ አልነግርዎትም። ደግሞ እነዚህ ሰዎች አድራሻ ብቻ ተሰጥቷቸው የተሸኙ አይደሉም። ባለሙያ አስረድቷቸዋል፣ አበረታቷቸዋል፣ ሄዱ ወይስ ቀሩ ብሎ ጠይቋቸዋል። እርስዎም ሐኪሙን ወይም ነርሷን «አድራሻ ስጡኝ» ብቻ አይበሉ። «እዚሁ ሆነን እንደውል፤ አብሮኝ የሚገባ ሰው አገናኙኝ» ይበሉ። በእኔ ልምድ አድራሻ ይዞ የሄደ ሰው ብዙ ጊዜ ወረቀቱን ኪሱ ውስጥ ይረሳዋል። የሚጠብቀው ሰው ያለው ግን ይሄዳል።

ፍለጋውን ከራሱ ከማኅበሩ ይጀምሩ። በስልክዎ «በአቅራቢያዬ ያለ መጠጥ ማቆሚያ» ብለው ቢጽፉ ቀድሞ የሚመጣልዎት ማስታወቂያ ሊሆን ይችላል። የስብሰባ ዝርዝር የሚመስል ገጽ ላይ የነጻ ስልክ ያያሉ። ሲደውሉ ግን የሚያነሳው ለውድ የሕክምና ማእከል ደንበኛ የሚፈልግ ሠራተኛ ነው። ስለዚህ ስልኩ ሲነሳ መጀመሪያ «የደወልኩት የማን ድርጅት ጋ ነው?» ብለው ይጠይቁ። የኤኤ ዋናው ድረ ገጽ በየአገሩ ያሉትን ቢሮዎችና ተጠሪዎች ያሳያል። ሚቲንግ ጋይድ የሚባል ነጻ የስልክ መተግበሪያም አለው፤ ካሉበት ቦታ የሚቀርበውን ስብሰባ ከነሰዓቱ ያወጣል። ሁሉንም አገር ግን አይሸፍንም፤ ባዶ ሆኖ ቢያገኙት ስብሰባ የለም ማለት አይደለም። ስማርት ሪከቨሪም በድረ ገጹ ላይ የራሱ የስብሰባ መፈለጊያ አለው።

ብዙ ጊዜ ትክክለኛው መረጃ ያለው ሰው ዘንድ ነው። የሱስ ሕክምና የሚሰጥበት ሆስፒታል ነርሶችና የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኞች የትኛው ቡድን እንዳለ፣ የትኛው እንደተበተነ ያውቃሉ። የአእምሮ ሕክምና ክፍል ጎራ ብለው ይጠይቁ። የእምነት ተቋማት አዳራሻቸውን ለእንዲህ ዓይነት ቡድን የሚሰጡበት አጋጣሚ ብዙ ነው፤ ቡድኑ የእነሱ ባይሆንም ቀኑንና ሰዓቱን ይነግሩዎታል። መጠጥ ያቆመ የሚያውቁት ሰው ካለ ደግሞ እሱን ይጠይቁት። አያፍሩበት፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲቀርብለት ብዙው ሰው ደስ ነው የሚለው።

አድራሻ ሲያገኙ ወዲያው አይነሱ፤ አስቀድመው ይደውሉ። ዝርዝር ቶሎ ያረጃል። ቡድን ቦታ ይቀይራል፣ ሰዓት ያዛውራል፣ ይዘጋል። አሁንም ይሰበሰባሉ ወይ? በየትኛው ቋንቋ? ክፍት ነው ዝግ? በየትኛው በር ነው የሚገባው? የመጨረሻው ጥያቄ ተራ ይመስላል። ግን ለዚያች ምሽት ሳምንት ሙሉ ወኔ ሲያሰባስብ ከርሞ፣ ክፍሉ ጠፍቶበት ከግቢው የተመለሰ ሰው አውቃለሁ። እንደገና ለመሄድ ስምንት ወር ፈጅቶበታል። ክፍትና ዝግ ያልኩት እንዲህ ነው። ዝግ ስብሰባ የሚገባው የመጠጥ ችግር ያለበትና ማቆም የሚፈልግ ሰው ብቻ ነው። ክፍት ስብሰባ ላይ ቤተሰብም፣ ተማሪም፣ ማወቅ የሚፈልግ ማንም ሰው ይቀመጣል።

«በአቅራቢያዬ» የሚለውን ቃል ትንሽ ያላሉት። በጣም ቅርብ መሆኑ ሁልጊዜ አይጠቅምም፤ በተለይ እንደ እርስዎ መታየት ለሚፈራ ሰው። አንድ ሁለት ሰፈር አልፈው ይሂዱ። የሚያውቅዎት ሰው እዚያ ካገኙ ደግሞ እሱም የመጣው ለዚያው ጉዳይ ነው። የተሰማውን ወደ ውጭ አለማውጣት የጋራ ልማድ ነው፤ የሚጠሩትም በመጀመሪያ ስም ብቻ ነው። ሆኖም እውነቱን ልንገርዎት። ይህ ቃል ኪዳን ነው እንጂ እንደ ሐኪም ምሥጢር ሕግ የሚጠብቀው ነገር አይደለም። ብዙ ሰው ያከብረዋል፤ የማያከብርም ይኖራል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የመሥሪያ ቤትዎን ስም አይጥሩ። ሕግ ሊያስጠይቅዎት የሚችል ነገር ካለ ለሙሉው ስብሰባ አይናገሩት። በኢንተርኔት ከሆነ የሚገቡት፣ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ስም ሙሉ ስምዎ አለመሆኑን አስቀድመው ያረጋግጡ። ካሜራውን መዝጋትም ይችላሉ።

መጀመሪያ የሚሄዱበት ቀን ምን ይመስላል? ብዙውን ጊዜ ስብሰባው አንድ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ቀድመው አሥር ደቂቃ ይድረሱ። አንድ ሰው ይከፍታል፤ አጭር ጽሑፍ ይነበባል። ከዚያ ፈቃደኛ የሆነ ሁሉ በየተራ ስለ ራሱ ይናገራል። እየተናገረ ያለን ሰው ማቋረጥና መምከር አብዛኛውን ጊዜ አይፈቀድም። ለእርስዎ ተራ ሲደርስ «ዛሬ ማዳመጥ ብቻ ነው የምፈልገው» ማለት ይበቃል። በዚያ ቀን ጠጥተው ከሆነም አይቅሩ፤ ሄደው ዝም ብለው ይስሙ። እየነዱ ግን አይሂዱ። ካለቀ በኋላ ደግሞ ቶሎ ብለው አይውጡ። የመጣ ሰው ብዙውን የሚያገኘው ከስብሰባው በኋላ ባሉት አሥራ አምስት ደቂቃዎች ነው። ሰው ቀረብ ብሎ የሚያናግርዎት፣ ስልክ የሚሰጥዎት ያኔ ነው። የሁለት ሦስት ሰው ስልክ ሳይዙ አይመለሱ። በማግስቱም ለአንዱ ይደውሉ፤ የሚሉት ነገር ባይኖርዎትም «ትናንት ተገናኝተን ነበር» ብለው ሰላም ይበሉ። ክፉው ሰዓት ሲመጣ የማያውቁትን ሰው መጥራት ያቅትዎታል፤ ደውለው የለመዱትን ግን ይደውሉለታል።

አንድ ስብሰባ ሄደው ካልወደዱት ሁሉም እንዲህ ነው ብለው አይደምድሙ። ቡድኖች እንደ ሰው ናቸው። አንዱ ይከብዳል፣ አንዱ ይስቃል፣ አንዱ ሽማግሌ ብቻ ይሰበሰብበታል። ቢያንስ ስድስት ስብሰባ፣ ከተቻለ በሁለት ወይም በሦስት የተለያዩ ቡድኖች ሄደው ይዩ እላለሁ። ጥሩ ቡድን ውስጥ ትናንት ያቆመም፣ አሥር ዓመት የሆነውም አለ። ሰዓቱ ይከበራል። አዲስ ሰው ብቻውን ጥግ ላይ አይቀርም። ሳምንት የቀረ ሰው ይጠየቃል። እኔ ከሁሉ በላይ የማየው ይህን የመጨረሻውን ነው። እርስዎ የቀሩ ዕለት «የት ጠፋ?» የሚል ሰው ያለበት ቡድን ሩቅም ቢሆን ይሂዱበት።

የሚያሳስቡኝ ነገሮችም አሉ። ሐኪም ያዘዘልዎትን መድኃኒት አቁም የሚልዎትን ሰው አይስሙ፤ የኤኤ የራሱ ጽሑፍ እንኳ አባላት ሐኪም እንዳይሆኑ ያስጠነቅቃል። ለምሳሌ ናልትሬክሶንና አካምፕሮሴት ከመጠጥ ለመራቅ የሚረዱ መድኃኒቶች ናቸው፤ ለእርስዎ ይስማሙ እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቁት። እነሱን የሚወስድ ሰው «ገና አላቆመም» የሚል አስተያየት አንዳንድ ቦታ ይሰማል፤ ስሕተት ነው። ሁለተኛው ገንዘብ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት አያበድሩ፣ አይበደሩ። ሦስተኛው ደግሞ አዲስ የመጣን ሰው ለፍቅር የሚያጠምዱ ሰዎች ናቸው። አዲስ ሰው ልቡ ስስ ነው፤ በተለይ ሴቶች ይህን ይጠንቀቁ። ስፖንሰር የሚባለውን ሰው ሲመርጡም ይህን ያስታውሱ። ስፖንሰር ቀደም ብሎ ያቆመና በእርምጃዎቹ ውስጥ የሚመራዎት አባል ነው። ቢያንስ አንድ ዓመት ሳይጠጣ የቆየ፣ ወንድ ለወንድ፣ ሴት ለሴት ቢሆን ይመከራል። የሥነ ልቦና ባለሙያን ግን አይተካም። ከባድ ድብርት፣ ያልታከመ የቆየ የሥነ ልቦና ጉዳት ወይም ሌላ አደንዛዥ ዕፅ ካለ ባለሙያ ጎን ለጎን ያስፈልጋል።

በአካባቢዎ ምንም ስብሰባ ከሌለስ? በኢንተርኔት በማንኛውም ሰዓት ማለት ይቻላል የሚገቡበት ስብሰባ አለ። መንገድ አያስፈልገውም፤ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲልም ይገኛል። ጉድለቱ ተደብቆ መቀመጥ ቀላል መሆኑ ነው። ካሜራ ዘግቶ፣ ድምፅ አጥፍቶ ወራት የሚቆጥር ሰው አለ። በኢንተርኔት ከገቡ አንድ ቋሚ ቡድን ይያዙና በሦስተኛው ሳምንት ቢያንስ አንዴ ይናገሩ። ሁለተኛው አማራጭ ራስዎ መጀመር ነው። በኤኤ ልማድ ቡድን ለመባል ሁለት ሰው ይበቃል። ቀኑ፣ ሰዓቱና ቦታው የማይለወጥ ይሁን፤ አንዳንዴ ብቻዎን ቢቀመጡም አይዝጉት። በዚያ አካባቢ ያለ ሐኪም እንዲያውቀው ያድርጉ፤ ሰው የሚልክልዎት እሱ ነው። ይህን ግን ዛሬ አልመክርዎትም። ገና ያቆሙ ሁለት ሰዎች ብቻቸውን ሲሆኑ አንዱ ሲወድቅ ሌላውን ይዞ ሊወድቅ ይችላል። መጀመሪያ የቆዩ ሰዎች ያሉበት ይቀመጡ።

ባለቤትዎ አብራዎት ልትሄድ ትችላለች፤ ክፍት ስብሰባ እስከሆነ ድረስ። ለመጀመሪያው ቀን ጥሩ ሐሳብ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ብቻዎን ይሂዱ። ሚስቱ አጠገቡ ተቀምጣ ሁሉንም የሚናገር ሰው ጥቂት ነው። እሷም የራሷ ቦታ ያስፈልጋታል። አል-አኖን እ.ኤ.አ. በ1951 የተቋቋመው ለጠጪ ቤተሰቦች ነው። መጠጡን እሷ እንዳላመጣችው፣ ልትቆጣጠረውም ልታድነውም እንደማትችል እዚያ ትሰማለች። 12 ዓመት ጠርሙስ ስትደብቅና ምክንያት ስትፈጥር የኖረች ሴት ይህን ከሌላ ሚስት አፍ ስትሰማው ሌላ ነው።

ቢያገረሽብዎት፣ ያቋረጡበት ቦታ ይመለሱ። ከዜሮ ጀመርኩ ብለው አይቅሩ። ሳይጠጡ ሲቆዩ ሰውነትዎ መጠጥ የመቋቋም አቅሙ ስለሚቀንስ ግን የድሮው መጠን አሁን ሊጎዳዎት እንደሚችል ይወቁ። እንደገና በየቀኑ መጠጣት ከጀመሩ ደግሞ የሚቀጥለውም ማቆም እንደገና በሐኪም ነው።

እንግዲህ የምመክርዎት ይህ ነው። ነገ ጠዋት ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ስንት እንደሚጠጡ ሳይቀንሱ ይንገሩት፤ የመድኃኒቱ መጠን የሚወሰነው በዚያ ነው። የማቆሚያውን ቀን ከእሱ ጋር ይቁረጡ። ከመጠጡ እስኪላቀቁም አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ አንድ ቡድን ይደውሉ። ከዚያ ለሦስት ወር በሳምንት ሦስት ጊዜ ይሂዱ። በየቀኑ መሄድ ከቻሉ ደግሞ ይሂዱ፤ በኤኤ ውስጥ 90 ስብሰባ በ90 ቀን የሚባል የቆየ ልማድ አለ። ስልክ ሲደውሉ ምን ልበል ብለው ከተጨነቁ ይህን አንብበው ይናገሩ፦ «መጠጥ ማቆም እፈልጋለሁ። ስብሰባ መጥቼ አላውቅም። በሩ ላይ የሚጠብቀኝ ሰው ይኖራል?»